ከሱብሂ በኋላ፣ ማንም ሳይቀዳ

ከሚሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአፍናን ዩሱፍ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አካም ጅርታ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከስግደት ስነሣ ይጮሃል። በሰው አገር የሚያይሽን ዓይን ሁሉ አላህ የወዳጅ ዓይን ያድርግልሽ።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። አባትሽ ዩሱፍ «በስልክ አንዴ ብታናግሪያት ምን አለበት? ይህ ሁሉ ቴምብር!» ይላል። በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው። አንቺም ደህና፣ እኔም ደህና፣ ዝናቡም ደህና፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። በወረቀት ላይ ግን ሰው ዝም ያለበት ቦታ ይታያል። ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ጎልማሶች መካከል ቁጭ ብዬ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው። አስተማሪው ሙህዲን «እመት ረቢአ፣ እርስዎ ሲጽፉ ከእስክሪብቶው ጋር የተጣሉ ይመስላሉ» ይለኝ ነበር። ተጣልተንም ቢሆን እንጽፋለን።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። በነሐሴ ስትመጪ ገመዱን አንቺው ቋጥረሽ ሰጠሽኝ፤ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቋጠሮ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ። «አዳዳ፣ በየቀኑ ማለዳ ከሱብሂ በኋላ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያውርዱና ቋጠሮውን ይቁጠሩ» አልሽኝ። በደብተሩ ላይ በእጅሽ አሰመርሽልኝ፤ በአንዱ ረድፍ ቀን፣ በአንዱ ረድፍ ቁጥር። እንዳልሽው አደርጋለሁ። መስከረም ላይ ሃያ ዘጠኝ የነበረው አሁን ሠላሳ ሦስት ገብቷል። ቁጥሩ ሲጨምር ውሃው ራቀ ማለት ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አዲስ የተማርኩትን ነገር መጻፍ ደስ ስለሚለኝ ጻፍኩት።

የሰው ዘመድ ሁሉ ውጭ ያለውን ገንዘብ ይጠይቃል። የእኛ ነገር ተገልብጦ ውጭ ያለችው እኔን ቁጥር ትጠይቃለች።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አባትሽ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ልጄ ፕሮፌሰር» ይላል። ነሽ ወይስ አይደለሽም? እውነቱን ጻፊልኝ።

እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ የተላክሁት ወደዚህ ጉድጓድ ነበር። ይኸው ዛሬም እዚሁ ነኝ።

አክስትሽ ረቢአ


ሆላንድ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አዳዳ ረቢአ፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስክሪብቶው ከእርስዎ ጋር አልተጣላም፤ ፈርቶዎት ነው።

ፕሮፌሰር አይደለሁም። መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ እሱን ደሴ ጨረስኩ። ቀጥሎ ማስተርስ። አሁን ዶክትሬቱ ላይ ነኝ። እሱ ሲያልቅ ሰው «ዶክተር» ይለኛል እንጂ ፕሮፌሰር አይለኝም። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት በኮንትራት ከሌላ ፕሮፌሰር ሥር እሠራለሁ፤ ያገኘሁትን በሳይንስ መጽሔት አሳትማለሁ። ካላሳተምኩ ማንም አያየኝም። ቦታ ሲከፈት ደግሞ ብዙ ሰው ይወዳደራል፤ ከመቶው አንዱን ረዳት ፕሮፌሰር ያደርጉታል። ከረዳት ወደ ተባባሪ፣ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር። አባዬ ሻይ ቤት በአንድ ቃል የሚጨርሰው እኔን አሥራ አምስት ዓመት ይወስድብኛል።

ለዚህ ሁሉ መነሻዬ የጨፋ ሜዳ ውሃ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ መቼ እንደሚሸሽና መቼ እንደሚመለስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን የለካ ሰው የለም። ከእርስዎ ሌላ ገመድ የሰጠኋቸው ጨፋ ሮቢት ያለው መምህር ሪድዋንና ሰንበቴ ያለችው ሳሚያ ናቸው።

እዚህ ውሃ በየሰው ደጅ በቦይ ይሄዳል። የውሃን ማነስ ለመማር ውሃ የተረፈው አገር መጣሁ። ቢሮዬ ውስጥ አራት ሰው አለ። ጠዋት ሰላም ይሉኛል፣ ወደ ማታ ደህና ሁኚ ይሉኛል፤ በመካከል ቃል የለም።

የታኅሣሡን ገጽ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ አፍናን


ከሚሴ፣ ሰኔ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአፍናን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ የአላህም እዝነት። እኛ ደህና ነን።

የረመዳን መልካም ምኞትሽ ኢድ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱን አልወቅስም። አንቺንም አልወቅስም። የሚወቀስ ሰው የለም፤ ደብዳቤው ብቻ ዘገየ።

ሪድዋን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ ገመድሽን ጥጃ አስሮበት አይቻለሁ ብሎ ሰው ነገረኝ። ሳሚያ ባል አግብታ ከሰንበቴ ወጣች። የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔን ማን ያዛውረኛል? ማንስ ያገባኛል? አምስት ገጽ አያይዤልሻለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኩም፤ በረመዳንም፣ ባመመኝም ቀን፣ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ይዘው ጨፋን ሞልተው በሰነበቱበትም ሰሞን።

አባትሽ ባለፈው ጁምዓ መጥቶ ገመዱን ሳወርድ አየኝ።

«ልጄ ትልቅ ነገር እየሠራች ነው» አለ።

«ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ነው ሥራዋ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ምን ይገባሻል?»

«ገመዱ ይገባኛል። ና ያዝ፤ አንድ ቀን እንኳ አንተ ቁጠር።»

ወገቡን ያዘ። የአባትሽ ወገብ የሚያመው ሥራ ስሙን ሲጠራው ነው።

ጻፊ።

ረቢአ


ሆላንድ፣ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሦስት ወር ሙሉ ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ዶክትሬቱን ጨረስኩ። ሰባት ሰዎች ከፊቴ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ጠየቁኝ፣ ከዚያ እጄን ጨበጡኝ። የሦስት ዓመት ኮንትራትም አግኝቻለሁ።

አምስቱ ገጾች ደርሰውኛል። መጋቢት ላይ ውሃው በድንገት ሦስት ቋጠሮ ወርዶ ሚያዝያ ላይ ተመልሷል። ይህ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። የዘንድሮውን ደግሞ በጣም እፈልገዋለሁ። ሪድዋንና ሳሚያ ስላቆሙ ሥራዬ በሙሉ በእርስዎ ጉድጓድ ላይ ቆሟል። እባክዎ የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ገጾች በቶሎ ይላኩልኝ። ገመዱ ካረጀ ይንገሩኝ።

አፍናን


ከሚሴ፣ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዶክተር አፍናን፣

ሰላም ብያለሁ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ማሻአላህ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ቁጥር የለም። ፈልገሽ አትድከሚ።

ያለፈው ደብዳቤሽ አሥራ አንድ መስመር ነበር። ሰባቱ ስለ ጉድጓዱ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ መቁጠር አስተምረሽኛል። ያን ትልቅ ቀን ማን አብሮሽ ነበር? ምን ለበስሽ? ምን በላሽ? አልጻፍሽም።

ገጾቹ ሣጥኔ ውስጥ ናቸው። ቀን አልዘለልኩም፣ መለካቱንም አላቆምኩም። ስለ ራስሽ አንድ ገጽ ሲመጣ ያሉኝን ገጾች ሁሉ እልካለሁ። አባትሽን በስልክ አስለምነሽ አትላኪብኝ፤ ትናንት መጥቶ መልሼዋለሁ።

ረቢአ


ሆላንድ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ረቢአ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ። እነሆ አንድ ገጽ፣ ስለ ጉድጓዱ ምንም የሌለበት።

በዚያ ቀን ማንም አብሮኝ አልነበረም። ከኢድ የተረፈኝን አረንጓዴ ሻርፕ ለበስኩ። ሌሎቹ ከእናት ከአባታቸው ጋር ፎቶ ተነሡ፤ እኔን ያነሣኝ የአዳራሹ ጠባቂ ነው። ጣቱ ሌንሱ ላይ ስለነበር ግማሽ ፊቴ የለም። ለአባዬ ያልላክሁለት ለዚህ ነው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እንቁላል ጠበስኩ።

የምኖርበት ቤት ግድግዳው ቀጭን ነው። ጎረቤቴ ሲበላ ማንኪያውን እሰማለሁ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ፊቱን አላውቅም። ሲያስነጥስ «ይርሐሙከላህ» እላለሁ፣ ቀስ ብዬ።

አንድ ሳምንት ሙሉ አማርኛ ሳልናገር፣ ኦሮምኛም ሳልናገር የዋልኩበት ጊዜ አለ። ከዚያ አባዬ ደውሎ «ፕሮፌሰር!» ሲለኝ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ «ጉንፋን ነው» አልኩት።

ረመዳን ሊገባ ቀርቧል። ሰዓቱ በስልኬ ይመጣል። ስልኩ ሲጮህ ተምር እበላለሁ። ሌላ የሚጮህ ነገር የለም።

የማልጽፈው ስለማልወድዎ አይደለም፤ ከሥራዬ ሌላ የምጽፈው ስለሌለኝ ነው። «መቼ ትመጪያለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ስላልጠየቁኝ አመሰግንዎታለሁ።

አፍናን


ከሚሴ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአፍናን፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለዚያ ለሚያስነጥሰው ጎረቤትሽም። አላህ ብቸኝነትሽን ይይልሽ።

አንድ ገጽ ላክሽ፣ አሥራ ሦስት ገጽ ላክሁ። ተስማምተናል።

አንቺ እውነት ስለጻፍሽ እኔም አንድ ነገር ልጻፍ። ያገባኝ ሰው፣ ጀሚል፣ ጅዳ ሄዶ እዚያው እንደቀረ ታውቂያለሽ። ደብዳቤ ይልክ ነበር። ማንበብ ስለማልችል የሚያነብልኝ አባትሽ ነበር። በዚያው በጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ይልና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፦ «እመጣለሁ፣ ሥራው እስኪያልቅ ነው፣ ጠብቂኝ።» ደብዳቤዎቹ ካቆሙም በኋላ ጠበቅሁ። አሥራ ስምንት ዓመት።

ፊደል የቆጠርኩ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ሣጥኑን መክፈት ነው። አንድ ደብዳቤ ማንበብ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ፣ ከታች በኩል፣ እንዲህ የሚል መስመር አገኘሁ፦ «እዚህ አግብቻለሁ። ረቢአን ፈትቻታለሁ፣ ሌላ ታግባ፣ ዩሱፍ ንገራት።» «እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» የሚለው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለቱ ላይ ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ አባትሽ የድሮውን እየደገመ ነበር ያነበበልኝ።

ስጠይቀው «እንዳታዝኚ ብዬ ነው» አለኝ። ሦስት ቃል። ልጅ የምወልድበት ዕድሜዬ በዚያች በዘለላት መስመር ውስጥ ቀረ።

አልተጣላንም። ጁምዓ ጁምዓ ይመጣል፣ ሻይ አፈላለታለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም፣ ሰው እንዲዘልልኝም አልፈልግም። ለዚህ ነው በወረቀት ጻፊልኝ የምልሽ።

ረቢአ


ሆላንድ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳ ረቢአ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የጅዳውን ደብዳቤ ነገር ካነበብኩ በኋላ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ሳላውቅ ወራት አለፉ። አሁንም አላውቅም። ገጾቹን ግን ሲልኩልኝ ዝም ብዬ ስቀበል ስለኖርኩ አፍራለሁ።

ዛሬ የምነግርዎ የምሥራች አለኝ። ከዚህ ጋር የታጠፈውን ወረቀት ይዘርጉት። ያ መስመር የእርስዎ ጉድጓድ ነው። ሦስት ዓመት የቆጠሩት ቋጠሮ ሁሉ እዚያ ላይ ነጥብ ሆኖ አለ። መስመሩ በየዓመቱ አንዴ በድንገት ሲወርድ ያያሉ። ውሃው ሦስት ቋጠሮ ያህል ይሸሻል፣ አንድ ወር ይቆያል፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ነበረ ይመለሳል። መውረድ የጀመረባቸውን ቀኖች በእኛ አቆጣጠር በእጄ ጽፌልዎታለሁ፦ በ2015 መጋቢት 14፣ በ2016 መጋቢት 2፣ ዘንድሮ የካቲት 22። በየዓመቱ አሥር አሥራ ሁለት ቀን እየቀደመ ነው! የአየሩ መለወጥ የከርሰ ምድሩን ውሃ ቀን እያስቀደመው ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ትልቅ መጽሔት ሊያትመው ተቀብሎታል። በምስጋናው ላይ «ወይዘሮ ረቢአ፣ ከሚሴ» ተብሎ ስምዎ አለ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚህ ሥራ ምክንያት ለረዳት ፕሮፌሰርነት ለመጨረሻው ውድድር ከተጠሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ሆኛለሁ። መስከረም 28 ቀን በአዳራሽ ቆሜ ይህንን መስመር አስረዳለሁ። ካለፍኩ አባዬ ውሸታም አይባልም።

ዱዓ ያድርጉልኝ።

አፍናን


ከሚሴ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአፍናን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። መጀመሪያ ስሜን አየሁ ብዬ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀኖቹን አነበብኩ። መጋቢት 14። መጋቢት 2። የካቲት 22። ደግሜ አነበብኳቸው።

አፍናን፣ እነዚህ ረመዳን የገባባቸው ቀኖች ናቸው።

«ከሱብሂ በኋላ፣ ማንም ሳይቀዳ» ብለሽኛል፤ አሥራ አንዱን ወር እንደዚያ አድርጌያለሁ። በረመዳን ግን ቀኑ ይገለበጣል። ሌሊት ሱሁር በልቼ፣ ሱብሂ ሰግጄ እተኛለሁ። ቀኔ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ወዲያ ነው። ጉድጓዱ ዘንድ የምሄደው ያኔ ነው፣ ገመዱንም የማወርደው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ቀድቶ ጨርሷል። ለማፍጠሪያው ሾርባ፣ ለውዱእ ትጥበት፣ ለዕቃ ማጠቢያ፤ ጎረቤቴ ኢማን ብቻ ስድስት ጀሪካን ትወስዳለች። ውሃው አልሸሸም። ተቀድቶ ነው። ጠዋት ላይ ተመልሶ ሞልቷል፣ እኔ ግን ጠዋት አላየሁትም።

ያሰመርሽልኝ ደብተር ላይ ቀንና ቁጥር እንጂ ሰዓት የሚጻፍበት የለም። ቢኖር እጽፈው ነበር። ደግሞም የማታውቂው አልመሰለኝም። ይህን የማያውቅ የከሚሴ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም።

ለአባትሽ ነገርኩት። ሻይውን አስቀመጠ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ።»

«በቃ እዚሁ ይቅር። ነጮቹ ረመዳንን የት ያውቁታል? መስከረም ይለፍ፣ ቦታውን ትያዝ፣ ከዚያ ትነግሪያታለሽ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ። ምን ቸኮልሽ? እንዳታዝን ብዬ እኮ ነው።»

እሱ ራሱ ያለውን ሰምቶት ነው መሰለኝ ሻይውን ሳይጨርስ ሄደ።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። ቀኖቹን ያወቅሁ ዕለት ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህ ከፈረሰ ትመጣለች ብዬ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ደግሞ ፈራሁ፦ ብነግራት ቀንታ አስቀረችኝ ትለኛለች፣ ደብዳቤውም ያኔ ያበቃል። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ ገመድ ያወረድኩት ለጨፋ ውሃ ብዬ አይደለም። መልስ እንዲመጣልኝ ነው። ግን ይህን ብዘልልሽ እኔም ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ የማነብ ሰው ሆንኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እኔ ትናንት ፊደል የቆጠርኩ ነኝ። አንቺ እዚህ ተወልደሽ፣ ከዚህ ጉድጓድ ለማፍጠሪያ ስትቀጂ አድገሽ፣ እነዚያን ሦስት ቀኖች በእጅሽ ስትጽፊያቸው አላወቅሻቸውም።

ረቢአ


ከሚሴ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአፍናን፣

ሰላም ብያለሁ።

መስከረም 28 አልፏል። መልስ የለም። አባትሽን ጠየቅሁት፤ ስትደውይለት «ደህና ነኝ» ትይዋለሽ አሉ። በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ደብዳቤዬ ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም። ደርሶሽ ዘለሽውም እንደሆነ አላውቅም። ለማንም አልናገርም፤ ያንቺ ነው።

የዛሬው ቋጠሮ ሠላሳ።

ረቢአ


ሆላንድ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዳዳ ረቢአ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ በጤና ያቆይልኝ።

ደብዳቤዎ መንገድ ላይ ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ ከውድድሩ ስምንት ቀን በፊት ደረሰኝ። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ቀን እዚያ ተውኩት። ከእርስዎና ከአባዬ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። አልደረሰኝም ብል ፖስታ ቤቱ አይመሰክርብኝም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት ጽሑፍዎን አየሁ፣ እና ሣጥኑን አስታወስኩ፣ የጅዳውን።

ቀኖቹን እንዴት እንዳላወቅኋቸው ጠይቀውኛል። ጾሜን ትቼ አይደለም፤ አንድ ቀን አልፈታሁም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ንድፍ የሠራሁት ባለፈው ረመዳን ጾሜን ይዤ ነው። ግን ለእኔ ረመዳን የአንድ ሰው ረሃብ ሆኖ ነበር። ቀኑ ከስልክ ይመጣል፣ ተምሩ ከላስቲክ ይወጣል። እዚህ እኔ ስጾም የማንም ውሃ አይወርድም። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ሰዓት ባልዲ እንደሚያነሣ ረሳሁ። ከፊቴ ተጽፎ ሳለ የአየር ንብረት ብዬ አነበብኩት።

ለአለቃዬ ለፕሮፌሰሩ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ «ይህን ማን አገኘው?» አለኝ። «ገመዱን የያዘችው» አልኩት። ጽሑፉን ከመጽሔቱ አወጣነው።

ውድድሩ ላይ ገባሁ። አርባ ደቂቃ ነበር የተሰጠኝ። መስመሩን አሳየሁ፣ ምን እንዳልኩ ነገርኳቸው፣ ከዚያ ለምን ስህተት እንደሆነ ነገርኳቸው። በሃያ ደቂቃ አለቀ። አንዲት ሴት «ታዲያ ምን ቀረሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አሥራ አንዱ ወር» አልኩ። ሳቁ። በክፋት አልሳቁም። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ያልጻፍኩት ተቆጥቼ አይደለም። አፍሬ ነው።

ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል። ሌላ ቦታ አመልክቻለሁ፣ መልስ አልመጣም። ከሰኔ በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም። እመጣለሁ ብዬ አልጽፍልዎም። ያ ቃል በወረቀት ላይ ምን እንደሚያደርግ ነግረውኛል።

ልጅዎ አፍናን


ከሚሴ፣ የካቲት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአፍናን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አላህ የተሰበረብሽን ይጠግንልሽ፣ የጎደለሽን ይሙላልሽ። ትናንት ረመዳን ገብቷል። በዚህ ጊዜ መልካም ምኞቱን እኔ ቀደምኩሽ፤ ሲደርስሽ ምናልባት ያልፍ ይሆናል፣ የሚወቀስ ሰው የለም።

ያለፈው ደብዳቤሽ ቁጥር አልጠየቀኝም። ስለዚህ ቁጥር ልኬልሻለሁ።

በደብተሩ ላይ ሦስተኛ ረድፍ አሰመርኩ፣ ለሰዓት። ማስመሪያ ስላልነበረኝ በትሪ ጠርዝ ነው ያሰመርኩት፤ ትንሽ ይንጋደዳል። ረመዳን እስኪያልቅ በቀን ሁለቴ እለካለሁ። ሱብሂ ሰግጄ አልተኛም። ለዕድሜዬ ከባድ ነው፣ ግን እንቅልፌም ድሮ የሄደ ነው።

አባትሽ ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ ሳይጠራ መጣና ገመዱን ያዘልኝ። ወገቡ አላመመውም። ቋጠሮውን ሲቆጥር አንዱን ዘለለ።

«ድገመው» አልኩት።

«አንድ ቋጠሮ ምን ያደርጋል፣ ረቢአ?»

«ድገመው።»

ደገመው። ሻይ ቤቱ ውስጥ አሁንም ፕሮፌሰር ነሽ። አላረምኩትም፤ እሱን አንቺ አርሚው።

የትናንቱ ይኸውልሽ። ከሱብሂ በኋላ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ አርባ አንድ። ከአስር ሶላት በኋላ፣ አርባ አራት። በመካከል ያሉት ሦስት ቋጠሮዎች የኢማን ሾርባ ናቸው፣ የጎረቤቶቻችን የእነአብዶ ውዱእ ናቸው፣ የእኔም አንድ ባልዲ አለችበት። በነዚያ ዓመታት ስትለኪ የኖርሽው እኛን ነበር።

አንቺ እዚህ ብትሆኚ ቁጥሩ ስንት እንደሚሆን አሰብኩ። ያው አርባ አራት ነው። የአንድ ሰው ውሃ በቋጠሮ አይታይም። ቢሆንም ገመዱን ባወጣሁ ቁጥር ደግሜ አየዋለሁ።

አክስትሽ ረቢአ